«አለሁ» ማለት ምን ማለት ነው?



በዚህ በካኩማ ከምንኖረው መካከል ጥቂት ወጣቶች የሩቅ አገር ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች መሆናቸው ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ በብሎካችን ጫፍ በቆመው ዳስ ውስጥ የስልክ ብርሃን ያረፈባቸው ፊቶች ሲታዩ፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። «ዙም ላይ ናቸው» ይባላል። መምህሩ ባሉበት አገር ገና ከቀትር በኋላ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን መሽቷል። እኛም በአገራችን ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥተን ጥቂት ዓመታት ያስተማርን ስለሆንን፣ ወጣቶቹን በእንግሊዝኛና በሒሳብ እንድናግዝ ተጠይቀን አብረናቸው መቀመጥ ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ዛሬ ለውይይት የምናቀርበው ጥያቄ ከዚያ ዳስ የወጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የትምህርት ወቅት አንድ መምህር ስም ከመጥራታቸው በፊት ደንብ አስታወቁ። የዩኒቨርስቲውንም ሆነ የመምህሩን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጉዳያችን ከሰው ጋር ሳይሆን ከአሠራር ጋር ነውና። «ካሜራውን ያልከፈተ ተማሪ እንደ ቀረ ይቆጠራል፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ኮርሱን አያልፍም» አሉ። ከዚያም ስም መጥራት ጀመሩ። የአንዲት እህታችን ተራ ደረሰ። እናቷ ስለታመሙባት ማታ ማታ ከቤት መውጣት የማትችል፣ ከአልጋቸው አጠገብ ሆና የምትማር ልጅ ናት። «አለሁ» አለች። ድምፅዋ በደንብ ተሰማ። መምህሩ ግን «ሰምቼሻለሁ፤ ነገር ግን አላየሁሽም» አሉና እንደ ቀረች አድርገው መዘገቡ። በማግሥቱ ደብተርዋን ስንመለከት የዚያን ማታ ትምህርት አራት ገጽ ሙሉ ጽፋዋለች። በዚያው ሰዓት በዳሱ ውስጥ ከእኛ ሁለት ክንድ ርቆ የተቀመጠ አንድ ወንድማችን ስልኩን በጀሪካን አስደግፎ ካሜራውን ከፍቶ ነበር፤ ዐይኑ ግን ጎረቤቱ በያዘው ሌላ ስልክ ላይ የኳስ ጨዋታ ይከተል ነበር። ኳስ ያየው ተገኘ ተባለ፤ ትምህርቱን የጻፈችው ቀረች ተባለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ሰው ትምህርት ላይ ተገኘ የሚባለው መቼ ነው? ሲታይ ነው? ሲሰማ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ሲያደርግ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሰውን ከትምህርት ገበታ ማስነሳት የሚችል መሆኑን ግን በዐይናችን አይተናል።

በቅድሚያ መሣሪያውን አንወንጅል። በምስል እየተያዩ መነጋገር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የአሜሪካ የቴሌፎን ኩባንያ ምስል የሚያሳይ ስልክ አቅርቦ ነበር፤ ዋጋው ውድ ስለነበር ሕዝብ ሳይለምደው ቀረ። ዛሬ ስሙ በየብሎኩ የሚጠራውን ዙምን በ2011 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ኤሪክ ዩዋን፣ አሳቡ የመጣለት ቻይና ውስጥ ተማሪ ሳለ ፍቅረኛውን ለማየት አሥር ሰዓት ያህል በባቡር ይጓዝ በነበረበት ዘመን እንደሆነ ተናግሯል። መሣሪያው ከናፍቆት ተወለደ ማለት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ትምህርት ቤቶች ሲያዘጋ፣ ዩኔስኮ እንደገለጸው ከ1 ቢሊዮን ተኩል በላይ ተማሪዎች ትምህርታቸው ተቋረጠ። ያን ጊዜ ይህ ለጽሕፈት ቤት ስብሰባ የተሠራ መሣሪያ በአንድ ሌሊት ክፍል ሆነ።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ጉዳዩ ከዚያ ይቀድማል። እዚሁ ካኩማ፣ በማላዊ ዛሌካ ካምፕና በሶርያ አሌፖ ኢየሱሳውያን ካህናት በ2010 እ.ኤ.አ. የሩቅ ትምህርት ጀምረዋል። በዳዳብ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካናዳው ዮርክና የኬንያው ኬንያታ ዩኒቨርስቲዎች ከሌሎች ጋር ተባብረው ስደተኞችን አስተምረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከስደተኛ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት የደረሱት ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ድርሻቸው ከፍ ብሏል፤ በ2030 እ.ኤ.አ. ከመቶ 15 ለማድረስ ታቅዷል። የሩቅ ትምህርት በዚህ ዕቅድ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ስለዚህ በዚህ በር ገብተን በሩን ብንረግም ውለታ ቢሶች እንባላለን። ክርክራችን በሩ ላይ ስለቆመው ደንብ ነው።

እኛ ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው «በፕላዝማ ዘመን» ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በሰፊ ቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የፕላዝማው መምህር ፊት እንደ ጨረቃ ጎልቶ ይታይ ነበር። በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሳችንን ሳይሰማ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። እስክሪብቶ ወድቆ ብናነሳ እንኳ አንድ ስሌት ያመልጠናል። በክፍሉ ውስጥ በሥጋ የቆመው የኛው መምህር ግን መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ በቀረው ጊዜ እንደ እኛው ቆሞ ይመለከታል። ታዲያ የፕላዝማው መምህር በክፍላችን ነበር ወይ? ፊቱ ነበረ። እሱ ግን አልነበረም፤ አይጠብቀንም ነበርና።

አሁን ይህን ከሌላው ጋር እናስተያይ። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ዐይነ ሥውራን የኔታዎች ብዙ ናቸው። አንድ ዐይነ ሥውር የኔታ የአንድም ተማሪያቸውን ፊት አላዩም። ሆኖም ተማሪው ሲያነብ አንዲት ፊደል ቢዘል ያስቆሙታል፤ ድምፁ ሲደክም እንዳልበላ ያውቃሉ፤ ጓደኛውን አስመስሎ ቢመልስ በስሙ ጠርተው ይገሥጹታል። ከእርሳቸው ዘንድ ተደብቆ መቅረት ፕላዝማ ፊት ከመተኛት እጅግ ይከብዳል። ምክንያቱም እርሳቸው እያንዳንዱን ጠይቀው፣ መልሱን እስኪሰሙ ድረስ ይጠብቃሉ። እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው፦ ፊት እየታየ መምህር ሊታጣ ይችላል፤ ፊት ሳይታይም ትምህርት ሊጸና ይችላል።

ይህ ክርክር በመሠረቱ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ፕላቶ «ፌድሮስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስ ጽሕፈትን ሲከስ ያሳየናል። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ጽሑፍ እንደ ሥዕል ሕያው ይመስላል፤ ጥያቄ ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል የሚል ነው። ፕላቶ ይህንኑ ክስ በጽሑፍ ማስቀመጡ የሚያስገርም ነው፤ ጽፎ ባያስቀምጠውም ኖሮ እኛ እዚህ ባልደረሰን ነበር። ክሱ የተሰነዘረው ርቀትን በመቃወም ሳይሆን መልስ የማይሰጥን ነገር በመቃወም እንደሆነ ግን ልብ ይሏል።

ለመምህሩም ፍርድ እንስጥ። መምህር የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ማስተማር በግማሹ ፊት ማንበብ ነው። ኮሌጅ ሳለን ለተግባር ልምምድ ስንወጣ አሠልጣኞቻችን «ሰሌዳውን ትታችሁ የተማሪውን ዐይን እዩ» ይሉን ነበር። ግንባር ሲጨማደድ ትመለሳለህ፤ ዐይን ሲበራ ትቀጥላለህ። በዙም ግን አርባ ጥቁር ሣጥኖች፣ በየሣጥኑ አንድ አንድ ስም ብቻ የተጻፈባቸው፣ ፊት ለፊትህ ተደርድረው ስታይ መቃብር ቦታ የቆምክ ይመስልሃል። እኛም አንድ ማታ መምህሩ ጠይቀውን ለሩብ ሰዓት ስናስረዳ ቀምሰነዋል፤ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ እንደ መጮህ ነው። ስለዚህ መምህሩ ምልክት መፈለጋቸው ክፋት አይደለም። ክርክሩ ምልክቱ ፊት ብቻ ይሁን በማለታቸው ላይ ነው።

ለምን ቢሉ፣ አንደኛ፣ ፊት ለሁሉም እኩል ዋጋ የለውም። ዙም ራሱ እንደሚገልጸው ለድምፅ ብቻ በሴኮንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃል፤ ጥሩ ጥራት ላለው ምስል ግን 600 ኪሎቢት ያስፈልጋል። ሒሳቡን ብንሠራው ፊታችንን ለመላክ በሰዓት 270 ሜጋባይት፣ ድምፃችንን ለመላክ ቢበዛ 36 ሜጋባይት ነው። ሰባት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። መምህሩ ባሉበት አገር ይህ ልዩነት አይሰማም። እዚህ ግን ከራሽን ተቆጥቦ፣ ሽንኩርትና ዘይት ተቀንሶ የሚገዛ ዳታ ነው።

ሁለተኛ፣ ካሜራ ወደ ቤት ይገባል። በአገራችን እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሳይጣራ አይገባም። ያን ጊዜ የተበተነው ይሰበሰባል፣ የተኛው ይነሳል፣ የታመመው ነጠላ ይደርባል። ካሜራ «ቤቶች!» አይልም። የእኛ ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ነው፤ ማድ ቤቱም መኝታውም የሕመም አልጋውም እዚያው ነው። ይህ የስደተኛ ቅሬታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ዩኒቨርስቲ ሁለት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ካሜራ ከሚዘጉባቸው ምክንያቶች መካከል ስለ መልካቸው መጨነቅ፣ ከኋላቸው ያለው ሰውና ቤት እንዳይታይ መፈለግና የኢንተርኔት መድከም ይገኙባቸዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርስቲ ከፈተና በፊት የተማሪውን ክፍል በካሜራ አዙሮ ማየቱ ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ብርበራ ነው ብሎ ፈርዷል። በእኛ መካከል ከዚህ የከበደ ምክንያት ያላቸውም አሉ፤ ከአገር የወጡበት ጉዳይ ፊታቸው ተቀርጾ የት እንደሚሄድ ሳያውቁ እንዲያሳዩ አይፈቅድላቸውም።

ሦስተኛ፣ መታየት ራሱ ያደክማል። የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲው ጀረሚ ቤለንሰን በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከቅርብ ተፈጥጦ መታየት፣ የራስን ፊት ዘወትር ማየት፣ ከቦታ አለመንቀሳቀስና የሌላውን ምልክት ለመረዳት መታገል ሰውን እንደሚያዝሉት ዘርዝሯል። ፊቱን ሲጠብቅ ያመሸ ተማሪ ትምህርቱን መቼ ይጠብቃል?

እስከዚህ ድረስ የሌላውን ጥፋት ተናገርን። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ግለ ሂስ ነው፤ ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳንም እሱ ነው።

ያች እህታችን ሁለት ጊዜ እንደ ቀረች ተመዝግባ ነበር። አንድ ማታ የእናቷ ሕመም ጸንቶ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ ከትምህርቱ ፈጽሞ ቀረች። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ስትመዘገብ የረዳናት እኛ ስለነበርን የመግቢያ ቃሏን እናውቃለን። ስለዚህ በስሟ ገባን። አንዲት ሌላ ልጅ ነጠላ እስከ ግንባሯ አውርዳ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ እንድትቀመጥ አደረግን፤ ካሜራውን ከፈትን። ስሟ ሲጠራ «አለሁ» ተባለ። መምህሩም «በመጨረሻ ስላየሁሽ ደስ ብሎኛል» አሉ። እኛ በዳሱ ውስጥ ሳቃችንን በእጃችን አፈንን። ደንቡን ድል የመታን መሰለን።

በሳምንቱ ልጅቱ ተመለሰች። ስለ ቁጥሮች ስርጭት የሚሰላ አንድ ነገር ስላልገባት እጅዋን አንሥታ ጠየቀች። መምህሩ በትሕትና «ባለፈው ሳምንት አብረሽን ነበርሽ፤ ያኔ በሰፊው ገልጬዋለሁ» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። እሷ ምንም አልመለሰችም። በማግሥቱ ጧት ወደ እኛ መጣች። «መምህሮቼ፣ በስሜ አለሁ ያለው ማን ነው?» አለች። ያደረግነውን ነገርናት፤ ለእሷ ብለን እንደሆነም ጨመርንበት። ዐይኗን ሳትሰብር «ስሜን አዳናችሁት፤ እኔን ግን ከጥያቄዬ አወጣችሁኝ። ቀርታለች ብትሉ ኖሮ ደግመው ያስረዱኝ ነበር» አለችን።

መልስ አልነበረንም። እስቲ አስቡት። እኛ ስደተኞች ስለ መቆጠር ከማንም በላይ እናውቃለን። በማጣሪያ ቀን ተሰልፈን አሻራችንን እናኖራለን፤ ጣታችን ከመዝገቡ ከተስማማ አለን፤ ካልተስማማ የለንም። ያ አሠራር እህል ለማከፋፈል ያስፈልግ ይሆናል። እኛ ግን መገኘት ማለት መቆጠር ብቻ እንደሆነ አድርገን በልባችን ተቀበልነው፤ ከመዝገቡ ላይ ምልክት ካገኘን ሰውዬው የተረፈ መሰለን። መምህሩ ፊትን ከመገኘት ጋር አምታቱ፤ እኛ ደግሞ ስምን ከሰው ጋር አምታታን። የስሕተታችን ሥር አንድ ነው። የእኛው የሚብሰው ግን ወገኖቿ ሆነን ስለሠራነው ነው።

ከዚህ በኋላ ልጅቱ ራሷ ለመምህሩ ጻፈች። የእናቷን ሕመም፣ የካሜራውን ምክንያት፣ በስሟ የተደረገውን ሁሉ ሳትደብቅ ገለጸች። እኛም ጥፋቱ የእኛ መሆኑን በሌላ ደብዳቤ አረጋገጥን። ከስድስት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ደንቡን ያወጣው ጽሕፈት ቤቱ ስለሆነ መምህሩ ብቻቸውን ሊሽሩት እንደማይችሉ፣ ጉዳዩን ግን እንዳቀረቡ ገለጹ። ውሳኔው ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀን አልደረሰም፤ ኮርሱ ይለፍላት አይለፍላት አይታወቅም። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። መምህሩ አሁን ስም ሲጠሩ «አለህ?» ብቻ ብለው አያልፉም። ከባለፈው ትምህርት አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ኔትወርክ ቢቆራረጥም እስኪመለስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ያ ዝምታ ሲመጣ በዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና ይላል። ኳስ ተመልካቹ ወንድማችን ሳይቀር ስልኩን መለሰ።

አንዳንድ ወገኖች «ድምፅስ አይታለልም ወይ? ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ማሽን ራሱ ጥያቄም መልስም ይጽፍ የለም ወይ?» ይሉናል። እውነት ነው፤ የማይታለል ምልክት የለም። ፊትም እንደሚታለል በነጠላ አሳይተናል። ከዚህ የሚከተለው ግን የበለጠ ጠባቂ መሣሪያ መፈለግ ሳይሆን፣ ማታለል የማያስፈልግበትን ግንኙነት መፍጠር ነው። «አልቻልኩም» ያለ ሰው የማይቀጣበት ክፍል ውስጥ የሚዋሽ ጥቂት ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። መገኘት ማለት ሊጠየቁ በሚችሉበት ቦታ ሆኖ በራስ ቃል መመለስ ነው፤ መልሱን የሚጠብቅ ሰውም በወዲያኛው ጫፍ መኖሩ ነው። አንዱ ከጎደለ ትምህርት የለም። ኃይል ያለው ወገን፣ ማለትም መዝገቡን የያዘው መምህር፣ መጀመሪያ መጠበቅ አለበት። ተማሪውም በጥቁር ሣጥን ውስጥ ተሸሽጎ መክረም አይገባውም፤ ፊቱን ባያሳይ ድምፁን፣ ድምፁ ባይደርስ ጽሑፉን ማሳየት ግዴታው ነው። እኛ በመካከል ያለን ደግሞ ድልድይ ልንሆን እንችላለን እንጂ በማንም ስም «አለሁ» ልንል አንችልም።

በዳሱ ውስጥ ከወጣቶቹ ጋር ተመካክረን ሦስት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ ማንም በማንም ስም አይገባም፤ የቀረ ሰው ካለ ምክንያቱ በዚያችው ማታ ለመምህሩ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ካሜራ መክፈት ያልቻለ ተማሪ ትምህርቱ ከማለቁ በፊት ቢያንስ አንድ ጥያቄ በድምፅ ወይም በጽሑፍ ያቀርባል። ሦስተኛ፣ የተማሩት ላልተማሩት በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ይደግሙላቸዋል። የመጀመሪያውን ድጋሚ ያደረገው ያ ኳስ ተመልካች ወንድማችን ነው፤ ያች እህታችንም ያልገባትን ጠይቃው፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው አስረድቷታል። ሶላር ያላችሁ ጎረቤቶች ማታ ከሦስት ሰዓት በፊት ስልኮቻቸውን ቻርጅ ብታደርጉላቸው የዚህ ሥራ ተካፋዮች ናችሁ።

አንባብያን ሆይ፤ ይህችን ወረቀት በእጅ የጻፍናት እኛም ፊታችሁን አናይም። ማን እንዳነበባት፣ ማን ግማሽ ላይ እንደተዋት አናውቅም። ከጀርባዋ ግማሽ ገጽ ባዶ ትተናል። የምትስማሙበትንና የማትስማሙበትን ጽፋችሁ ለጎረቤታችሁ አሳልፉልን፤ እኛ እንጠብቃለን።